ቀዮ ማናት?

ጥቅምት 6

ይድረስ በዕድሜ ለማትደርስብኝ፣ በቁም ነገር ግን ለቀደመችኝ ለአክስቴ ልጅ ለሚጡ።

እንደምን ከርመሻል? የእግርሽ እብጠት ቀነሰልሽ? ፈጣሪ የምትቆሚበትን ወለል ያለስልስልሽ፣ አለቃሽንም አብሮ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ባልሆንም ደህና ነኝ እላለሁ፤ አመሌን ታውቂው የለ።

ቀዮ ደርሳኛለች። ያመጣችልኝ ሴትዮ ሻንጣዋን እስከ ስፌት ክፍሌ ድረስ ጎትታ መጥታ ነው ብልቃጡን በእጄ የሰጠችኝ። ለመሆኑ የዚያን ብልቃጥ ክዳን የሠራው ማን ነው? ተጭነው ካላዞሩት አይከፈትም። የእኔ ጣት ደግሞ መጫንም ማዞርም ከተወ ቆይቷል። ጣቱ ለታመመ ሰው የሚሆን ነገር፣ ጣቱ የታመመ ሰው እንዳይከፍተው አድርጎ መዝጋት ምን የሚሉት ብልሃት ነው? ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው በጥርሱ ሞክሮ አቃተው፤ በኋላ በጉጠት ታግሎ ከፈተልኝ። ሁለተኛ አላስቸግረውም ብዬ የአዝራር ቆርቆሮዬን ባዶ አደረግኩና ክኒኖቹን ሁሉ እዚያ ገለበጥኳቸው፣ ካለፈው ከተረፉት ነጫጮቹ ጋር። ብልቃጡን እሱ ለዘይት ማስቀመጫ ወሰደው።

ስለ በሽታዬ ጠይቀሽኝ ነበር። ሐኪሟ ስታስረዳኝ፣ ሰውነታችን ዘበኛ አለው፣ ያንቺ ዘበኛ ግን ሌባውን ትቶ የቤቱን ሰው መደብደብ ጀምሯል አለችኝ። ስሙ ሉፐስ ነው። ዘበኛውን አደብ የሚያስገዛ ትልቅ መድኃኒት ሰጥታኝ በየቀኑ እውጣለሁ። ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝና የለም አልኳት። ዱቄትም ሽሮፕም ያየሁት የለም።

ቀዮማ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር? ከሳሙናው አጠገብ ካለ መደርደሪያ ነው የማነሳት ስላልሽኝ እኔም እንደ ሳሙና ነው የማያት። ጣቶቼ እንቢ ሲሉ ሁለት ዋጥ አደርግና የስፌት መኪናዬ ላይ ቁጭ። የአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ተቀብያለሁ፤ ከእጅጌው ብዛት የተነሳ ክፍሉ ሰው የሞላበት ይመስላል።

ባለፈው ሳምንት ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ጥሎኝ ነበር። አልፏል።

እጅሽን ከእንፋሎቱ ይጠብቅልሽ።

እታለምሽ


ኅዳር 9

ለትልቋ፣ ለእታለሜ፣

ሰላምሽ ይብዛ። እኔ አለሁ። የሆቴል አንሶላ አያልቅም፣ እኔም አላልቅም።

ጉንፋን ቢጤ ያልሽውን ታላቅ ወንድምሽ ጋሼ በስልክ ነገረኝ። ሆስፒታል ተኝተሽ፣ ነርሷን ሚጡ ብለሽ ጠርተሽ፣ መቀሴን የት ጣልሽው እያልሽ ስትቆጫት ነበር አለኝ። እታለም፣ ይኼ የትኛው ጉንፋን ነው? አንቺን በስልክ ብጠይቅሽ ጋሼ አጠገብሽ ቆሞ ደህና ነኝ በያት እያለ ሲያስጠናሽ ይሰማኛል። ለዚህ ነው በሰው እጅ የምጽፍልሽ፤ በደብዳቤ ላይ ማንም አያስጠናም።

ጋሼ ሌላም ነገር ብሏል። አእምሮዋ ተነክቷል፣ ብቻዋን መኖር የለባትም አለ። ምን ልበለው?

አብራኝ የምታጥፍ አንዲት ሴት አለች። ነገሩን ባወራት፣ ለእንዲህ ዓይነት በሽታ የሚሰጠው ከባድ መድኃኒት ወደ ጭንቅላት ይወጣል አለችኝ፣ የአክስቷ ባል እንዲያ ሆኖ ነበር አሉ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ብቻ አስቢበት።

ቀዮን አሁንም ልኬልሻለሁ። እሷ እንኳ አትጎዳሽም። እዚህ ካውያው ጋ የምንቆም ሁሉ እንደ ከረሜላ ነው የምንቆረጥማት። በቀጥታ ጻፊልኝ፣ ሳትሸፋፍኚ።

ሚጡ


ታኅሣሥ 14

ለማይሸፈንላት ለሚጡ፣

እንኳን ደብዳቤሽ በደህና ገባ። ተይዣለሁ፤ እንግዲህ ሌባ ሲያዝ እንደሚያደርገው ሁሉንም ላውጣው።

ጉንፋን አልነበረም። መኪናዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ከዚያ ጭንቅላቴን በመዶሻ የሚመቱት መሰለኝ። ብርሃን ማየት ጠላሁ። አንገቴ እንደ እንጨት ደርቆ አገጬ ደረቴን አልነካ አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጋሼ ነው የሚያውቀው። ሆስፒታል ከጀርባዬ በመርፌ ውሃ ቀድተው መረመሩ። የአንጎልሽ ሽፋን ተቆጥቷል አሉኝ፣ ጀርም ግን ፈልገው አጡ። በመርፌ መድኃኒት ሰጡኝና በጥቂት ቀን እንደ ፈረስ ተነሳሁ። ቤቴ ገባሁ፣ ሥራዬን ያዝኩ፣ ደብዳቤሽ ሊደርሰኝ ሲል ያው ነገር እንደገና ጣለኝ። እንደገና ውሃ ቀዱ፣ እንደገና ጀርም የለም።

ጋሼ አሁን ቆርጧል። ስፌት ክፍሉን ለአከራዩ እለቅለታለሁ፣ መኪናዋን ሸጬ እኔ ቤት ትቀመጫለሽ ብሏል። አትቀየሚው፤ ከፍቅር ነው። ግን የእሱ ፍቅር እንደ ጠባብ ጫማ ነው፣ ይይዝሻል እንጂ አያስኬድሽም። እሱ ቤት ምን እሠራለሁ? መስኮት ሥር ተቀምጬ ዛሬ እንዴት አደርሽ እየተባልኩ ላርጅ? እኔ መኪናዬ ፊት ስቀመጥ ነው ሰው የምሆነው። እስከ መጋቢት ድረስ ጊዜ ስጠኝ፣ እስከዚያ ለሦስተኛ ጊዜ ከወደቅኩ አንተ ያልከው ይሁን ብዬዋለሁ። እሺ አለ፣ ፊቱን አዙሮ።

የጓደኛሽን ነገር ስነግረው ደግሞ እንዴት ደስ አለው መሰለሽ። እኔስ ምን አልኩ፣ ያ መርዝ ነው ብሎ ትልቁን መድኃኒት መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። እኔም እሺ አልኩ። ያልወደቅኩበት ዘመን እሱን ሳልጀምር ነበርና አመንኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ጣቶቼ አብጠው መርፌ መያዝ ፈተና ሆነብኝ። ጠዋት ጠዋት ጉልበቴ ሰው ካልጎተተው አይዘረጋም። ቀዮን ጨመር አድርጌ እውጣለሁ፤ እሷው ናት የያዘችኝ። ሰው ካገኘሽ ላኪልኝ።

ዩኒፎርሙን ግን እጨርሳለሁ። አንገቴ ቢደርቅም እጅጌ የሚገጥመው አንገት አይደለም።

እታለምሽ


ጥር 2

እታለሜ፣

ዕድሜሽን ያርዝመው። ደብዳቤውን የሚይዝልኝ ሰውዬ ቸኩሏል፣ እኔም ቆሜ ነው የምጽፈው። ቀዮ በእጁ አለች።

ያቺ ሴት ያለችውን እንዳልሰማሽ አድርጊው። ማታ ማታ እያሰብኩት እንቅልፍ አጣሁ። አንሶላ አጣፊ ለአንሶላ አጣፊ የነገረችው ሕክምና አይሆንም። ትልቁን መድኃኒት እንዳቆምሽ አትቅሪ፣ ያቺን ሐኪም ጠይቂያት። ጋሼ ከከለከለሽ እኔ አዝዣለሁ በዪው፣ ተናዶ ይደውልልኝ።

ሚጡ


ጥር 27

ይድረስ ለሚጡ፣

እንዴት አለሽልኝ? ይኼን የምጽፍልሽ ተኝቼ ነው፣ ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ።

ሦስተኛ ወድቄያለሁ። ደብዳቤሽ ደርሶኝ ወደ ሐኪሟ ልሄድ ስል፣ ሐኪሟ ጋ የደረስኩት በቃሬዛ ሆነ። ሰው ሲያስብ ፈጣሪ ይስቃል።

አሁን የምነግርሽን ቁጭ ብለሽ አንብቢ። አእምሮዬ ሲመለስ ሐኪሟ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ትልቁን መድኃኒት ማቆሜን ስትሰማ ግንባሯን ያዘች፣ ግን አልጮኸችብኝም። እሱ ቢሆን ኖሮ ካቆምሽው በኋላ ለምን ወደቅሽ አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔም ጋሼም ይኼን አላሰብነውም። ሌላ መድኃኒት ትወስጃለሽ ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። አልወስድም አልኩ። ትንሽ አሰበችና ጥያቄውን ተወችው። ይልቅ ከመታመምሽ በፊት የነበረውን ውሎሽን አጫውቺኝ፣ አፍሽ የገባውን ሁሉ ጨምረሽ አለችኝ።

ወሬ ለእኔ! ጀመርኩላት። ተነሳሁ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ሻይ በዳቦ በላሁ፣ ቀዮን ዋጥኩ፣ አንዲት እናት የልጇን ሱሪ ልታስጠብብ መጣች...

“ቆይ፣ ቀዮ ማናት?” አለችኝ።

ሚጡ፣ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ጭንቅላቴ እየፈነዳ እስቃለሁ። ዶሮ ዋጥኩ ያልኳት መስሏት ይሆናል። ቀዮማ ማስታገሻ ናት፣ የአክስቴ ልጅ ከውጭ የምትልክልኝ አልኳት።

“መድኃኒት አልወስድም አላልሽኝም?”

“መድኃኒት አይደለችማ፣ ማስታገሻ ናት። ከሳሙና አጠገብ ነው የምትሸጠው።”

እሷ ግን አልሳቀችም። ቀስ ብላ፣ ባለፈውስ፣ ከዚያ በፊትስ እያለች ወደ ኋላ ወሰደችኝ። ሦስቱንም ጊዜ ቀዮን ውጫለሁ። መጀመሪያ ስወድቅ ጠዋት ውጬ ከሰዓት ነበር። ሁለተኛው ፈጠነ። የአሁኑማ አንዱን እጅጌ ገጥሜ ሁለተኛውን ሳላነሳ ነው። ሆስፒታል ስገባ የሚሻለኝ በመርፌው ይመስለን ነበር፤ ለካ ቆርቆሮዬ ቤት ስለሚቀር ነው። ሚጡዬ፣ በሬ ካራጁ ይውላል ማለት ይኼ ነው።

እርግጠኛ ነኝ አልልሽም አለችኝ። ነገሩ ብርቅ ነው፣ ብዙ ሰው ውጦ ምንም አይሆንም፣ አንቺም ብዙ ቀን ውጠሽ ሳትነኪ ከርመሻል፤ ሉፐስ ያለበት ሰው ላይ ግን አንዳንድ ማስታገሻ የአንጎልን ሽፋን ሊያስቆጣ ይችላል፣ ጀርም ሳይኖር። ሞክሮ ማረጋገጥ ደግሞ አይቻልም፣ አራተኛው ላያስነሳሽ ይችላል አለች። ትልቁን መድኃኒት ዛሬውኑ አስጀመረችኝ። ግን ቀዮ ማን እንደሆነች ማወቅ አለባት፤ ስሟ ካልታወቀ የትኛው ማስታገሻ ዘመዷ እንደሆነ፣ የትኛው ለእኔ እንደሚሆን አይታወቅም።

ብልቃጡን አምጪ ብትለኝ የት አባቴ ላምጣው? የመጀመሪያው ጫማ ሰፊው ጋ ዘይት ጠጥቶ ጽሑፉ ተልጧል። ሌላውንም ገልብጬ ጥያለሁ። ቆርቆሮዬ ውስጥ ቀዩም ነጩም ተደባልቋል።

አንቺ ጋ ያለው ብልቃጥ ላይ ምን ተጽፏል? ፊደል በፊደል ገልብጪልኝ። የነጩንም። በስልክ እንዳልጠይቅሽ ስልኩ የጋሼ ነው፣ እሱ ደግሞ አላመነም። ከሳሙና አጠገብ የሚሸጥ ነገር ሰው አያሳብድም፣ ሐኪሟ ልታባብልሽ ነው አለ። መጋቢት ሲገባ መኪናዋን የሚገዛ ሰው አመጣለሁ ብሏል፣ በቃልሽ ተገኚ ብሎ።

እጠብቃለሁ።

እታለምሽ


የካቲት 21

ለሚጡ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤዬ አልደረሰሽ እንደሆነ ብዬ እንደገና በሌላ ሰው ላክሁ።

አንድም ክኒን አልዋጥኩም። ቆርቆሮውን እንዳለ ለሐኪሟ አስረከብኳት። ያመኛል፤ አልዋሽሽም፣ አንዳንድ ጠዋት አዝራር መቆለፍ አቅቶኝ በሌሊት ልብሴ ላይ ካፖርት ደርቤ ሥራ እጀምራለሁ። ሐኪሟ ትልቁ መድኃኒት እስኪሠራ ጊዜ ይፈልጋል ብላኛለች። እኔም ጊዜ እሰጠዋለሁ። መኪናዋን ግን አልሰጥም።

ጋሼ ያለው ገዢ መጋቢትን ሳይጠብቅ መጥቶ መኪናዋን አይቷታል። ጎንበስ ብሎ ጥርሷን እንደሚያይ የበግ ነጋዴ ሲያገላብጣት፣ አልተሸጠችም ብዬ ጨርቅ ጣል አደረግኩባት። ጋሼ ተቆጣ። ከውጭ የተጻፈ ወረቀት ካላየሁ አላምንም ብሏል።

ሚጡ፣ የምፈልገው ስሟን ብቻ ነው።

እታለምሽ


መጋቢት 4

እታለሜ፣

በምን አፌ ሰላም ልበልሽ? ቢሆንም ሰላም ላንቺ ይሁን።

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። የመጀመሪያው በደረሰ ቀን ብልቃጡን ከካፖርቴ ኪስ አውጥቼ አነበብኩት። ስሟን ማንበብ አላቃተኝም፤ ያቃተኝ እስክሪብቶ ማንሳት ነው። ይኸውልሽ፤ አይቡፕሮፌን፣ አራት መቶ ሚሊግራም። ነጯም እሷው ናት፣ ፋብሪካዋ ብቻ ይለያል።

ብልቃጡ በሚመጣበት ካርቶን ውስጥ አንድ ወረቀት አለ፣ ተጣጥፎ ተጣጥፎ። እታለም፣ እዚህ አገር እኔ ያላጠፍኩት አንሶላ የለም፣ ይኼን ወረቀት ግን አንድ ቀን ዘርግቼው አላውቅም። ቋንቋው ከበደኝና የልብስ ማጠቢያው ሒሳብ ሠራተኛ ዘንድ ወሰድኩት። ጥሩ ሴት ናት። መነጽሯን አድርጋ በጣት እየተከተለች አነበበችልኝ። መጨረሻው አካባቢ፣ በትንንሽ ፊደል፣ በጣም አልፎ አልፎ ይላል፤ አንገት መድረቅ፣ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ግራ መጋባት። ከዚያ ቀጥሎ፣ በተለይ ሉፐስ ያለባቸው ሰዎች ላይ ይላል። የበሽታሽ ስም እዚያ ተጽፎ ሳይ ያንቺን ስም የጻፉት መሰለኝ። ሴትየዋ ምን ሆንሽ አለችኝ። ወረቀቱን እንደነበረ አጣጥፌ ያዝኩት።

በእጄ ጠቅልዬ፣ እንዳይሰበር በካልሲ ጠቅልዬ ነው የምልክልሽ የነበረው። ይኼ ሐሳብ አልለቀኝ አለ። ወረቀቱን ራሱን ልኬዋለሁ፣ ለሐኪሟ ስጫት፣ ጋሼም ይየው። ተናገሪኝ፣ ተሳደቢ፣ ዝም ብቻ አትበዪኝ።

ሚጡ


መጋቢት 29

ይድረስ ለእህቴ፣ ለሚጡ፣

ፈጣሪ የላብሽን ያህል ዕረፍት ይስጥሽ። እኔ ዛሬ ደህና ነኝ ስልሽ እመኚኝ።

በመጀመሪያ የሚሰደብ ሰው የለም። ጣቴ ሲያመኝ ዝም ያላለችኝ አንቺ ነሽ። ሐኪሟንም ይኼንኑ ጠይቄያት ነግራኛለች፤ አንቺንና ብጤዎችሽን ቀዮ የጠቀመችው እውነት ነው፣ እኔ ላይ ግን ጠላት ሆነች። ሰውም እንዲያ አይደል? ለአንዱ ወዳጅ የሆነ ለሌላው እሾህ ነው። ማን ያውቅ ነበር? ወረቀቱ ያውቅ ነበር፣ እሱ ደግሞ ታጥፎ ተኝቷል። አንቺም ብትሆኚ በባዶ ሆድ መቆርጠሙን ተዪ፤ ለጨጓራ አትሆንም ብላኛለች። እግርሽን ለሐኪም አሳዪው። ይኼ ትእዛዝ ነው፣ በዕድሜ እበልጥሻለሁ።

ወረቀቱን ለሐኪሟ ስሰጣት ቆማ አነበበችውና መለሰችልኝ። አሁን ሊታመን የሚችል ነገር አለን አለችኝ፣ ፋይሌ ላይም በቀይ ጻፈች። ለእኔ የሚሆን ሌላ ማስታገሻ በስሙ ነግራኛለች፣ የቀዮን ዘመዶች ደግሞ አንድ በአንድ አስጠንታኛለች። ለማን ቤት እንደማልሄድ አሁን አውቃለሁ።

ጋሼ ጋ ስሄድ ገዢው ከነገመዱና ከነጋሪው በር ላይ ቆሞ ነበር። ጋሼ ወረቀቱን ተቀበለኝ። ቋንቋውን የሚያነበው ይመስል ሁለቱንም ገጽ አገላበጠው፣ ከዚያ ያንቺን ደብዳቤ ሰጠሁትና እሱን አነበበ። ከሳሙና አጠገብ፣ አለ ለራሱ። ትልቁን መድኃኒት መሳቢያ ውስጥ የቆለፈው ትዝ ሳይለው አልቀረም፤ ጆሮው ቀላ። ወደ በሩ ወጣና ሰውየውን፣

“መኪናዋ አትሸጥም፤ ባለቤቷ ሥራ ላይ ናት” አለው።

ሰውየው ጋሪ ተከራይቼ ነው የመጣሁት ብሎ ሲያኮርፍ ጋሼ የጋሪውን እኔ እችላለሁ አለ። በሕይወቴ ከሱ እንዲህ ያለ ይቅርታ ሰምቼ አላውቅም። አሁን ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆኗል። የራስ ምታት ያለ ሰው ሲያገኝ ምን ዋጥክ ብሎ ይጀምራል። ነገሩን ያወቀው እሱ ነው የሚመስልሽ። ተይው፣ ይደሰት።

ጣቶቼ አልዳኑም። ሐኪሟም ይድናሉ አላለችኝም፣ ይሻሻላሉ ነው ያለችኝ። እብጠቱ ግን ቀንሷል፣ ጠዋት አዝራሬን እኔው እቆልፋለሁ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ እየተሳደብኩ፣ አንድ በአንድ።

ትናንት የሆነውን ሳልነግርሽ አልዘጋም። ጉንፋን ያዘኝ። የአሁኑ የእውነት ጉንፋን ነው፣ አፍንጫዬ ምስክር። ከመንገዱ ማዶ ያለው መድኃኒት ቤት ገባሁ። ባለ መድኃኒቱ አላስጨረሰኝም፣ አንድ ፓኬት አንስቶ ሦስት ቀን ጠዋትና ማታ፣ በሙቅ ውሃ አለኝ። ለጉንፋን የሚሆን ዱቄት ነው፣ ሎሚ የተሳለበት። ምን አለበት ውስጡ አልኩት። የጉንፋን መድኃኒት ነው አለኝ። እሱንማ አወቅሁ፣ ውስጡ ማን አለ አልኩት። ከኋላዬ የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ። አንዷ ሴት፣ ተቀብለሽ ሂጂ እንጂ፣ ልታገቢው ነው እንዴ አለች። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ግን ከመስኮቱ አልተነቃነቅኩም። ባለ መድኃኒቱ ተነፈሰና ፓኬቱን ገልብጦ አነበበልኝ። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ እጄን አነሳሁ። ልብሷን ቀይራ፣ ሎሚ ተቀብታ፣ ራሷ ቀዮ።

ፓኬቱን በመስኮቱ መለስኩለት። ሉፐስ አለብኝ፣ ይቺ አንጎሌ ላይ ትወጣለች፣ ሌላ ስጠኝ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፣ መቀስ ካንገቴ እንደተንጠለጠለ፣ ክር ቀሚሴ ላይ እንደተጣበቀ።

“መድኃኒት ታውቂያለሽ እንዴ?” አለኝ።

“አንዷን” አልኩት።

በይ ሚጡ፣ በር ላይ ሰው ቆሟል፣ ልክ ልወስድለት ነው። በጉልበትሽም በልብሽም በርቺልኝ።

እታለምሽ፣ ከመኪናዋ ፊት